ለነርሲንግ ላይሰንስ ፈተና ደሴ ላይ የተማርኩበት ቲቶሪያል፣ ብሩ ይገባዋል ወይ ለምትሉኝ

ሰላም ነው ወገን። ለላይሰንስ ፈተና ደሴ ቲቶሪያል ልግባ ወይስ ቤቴ ቁጭ ብየ ላንብብ እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ልጆች ሁሉ አንድ ላይ ልመልስ ብየ ነው። እኔ የተማርኩት ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለው፣ ሆስፒታል ዋርድ ላይ የሚሰሩ ነርሶች ራሳቸው የሚያስተምሩበት ቤት ነው፣ ይሄን የምጽፈውም ፈተናውን አልፌ ላይሰንሴን ይዠ ስራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ባጭሩ አዎ ብሩ ይገባዋል። ግን ለምን እንደሚገባውና ምን እንደሚጎድለው በደንብ ሳላወራ ባልፍ ደስ አይለኝም፣ ምክንያቱም ለዚህ ነገር ስንቱ ቤተሰብ በግ ሸጦ ነው የሚልክልን።

መጀመሪያ ፈተናዎቹን ብዙ ሰው እያምታታ ስለሆነ እሱን እናጥራ። ኤግዚት የምንለው ከ2015 ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ሳትወጡ የምትፈተኑት ነው፣ 50 ከመቶ ካመጣችሁ ትመረቃላችሁ። ላይሰንሱ ሌላ ነው፣ የሚያወጣው ጤና ሚኒስቴር ነው፣ ከ2011 ጀምሮ ያለ ነው፣ እሱን ሳታልፉ ዲግሪያችሁ ቢያምርም በሽተኛ መንካት የለም፣ የግል ክሊኒክ እንኳ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ላይሰንስ አለህ ወይ ነው። ከኮሌጅ በሌቭል ፎር የሚወጡት ደግሞ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ነው የሚፈተኑት። ይሄን ያነሳሁት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ከሚለጥፉት ቤቶች ውስጥ ሶስቱንም ባንድ ክፍል ባንድ ሀንድአውት የሚያስተምሩ ስላሉ ነው። እኔ ይሄን ቤት የመረጥኩት የላይሰንሱን ለብቻው ስለሚሰጥ ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ የፈተናውን ብሉፕሪንት ኮፒ አድርገው ለያንዳንዳችን ሰጡንና የቱ ክፍል ምን ያህል ክብደት እንዳለው እያየን ነው የጥናት ፕሮግራም ያወጣነው።

ቤቱ ለማየት ምንም አይደለም። ደረጃውን ወጥታችሁ ስትጨርሱ አንድ ሰፋ ያለ ክፍል፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ ጥግ ላይ የደበዘዘ የአጥንት ፖስተር፣ አለቀ። መስኮቱ በደንብ ስለማይገጥም ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ቀጥ ብሎ ጀርባችሁ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ክረምት ከገባችሁ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግማሹ ተማሪ ተከናንቦ ነው የሚማረው። ተማሪው ከየአገሩ ነው፣ ከቆቦ አለ፣ ከመርሳ አለ፣ ከከላላ፣ ከሰቆጣ ድረስ መጥተው ሶስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው የሚማሩ አሉ፣ ቀን ሱቅ ወይ ካፌ እየሰሩ ማታ የሚመጡም አሉ። ትምህርቱ በሳምንቱ ቀን ከ11፡30 በኋላ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት። ክፍያው እኔ በተማርኩበት ዙር 2000 ብር ነበር፣ ሁለት ጊዜ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል። ከኛ ጋር ሁለተኛውን ክፍያ መክፈል ያቃተው ልጅ ነበር፣ ስራ ስትይዝ ትከፍላለህ ብለው ነው ያስጨረሱት፣ ማንም ፊት አላሸማቀቁትም፣ እኔም ያወቅኩት ልጁ ራሱ ነግሮኝ ነው። ይሄ ነገር ለኔ ትልቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ማስተማሩ። የእናቶችን ክፍል የሚሰጡን ማዋለጃ ክፍል ብዙ ዘመን የሰሩ ሲስተር ናቸው፣ አንዳንዴ አዳር ሰርተው በዛው የሚመጡበት ቀን ነበር። አንድ ማታ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ከባድ ፕሪክላምሲያ (በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት) ይዟት እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባለውን መድኃኒት እየወሰደች ነው፣ ትንፋሿ በደቂቃ 10 ነው፣ ጉልበቷ ላይ መታ መታ ስታደርጉ እግሯ አይነቃነቅም፣ ሪፍሌክስ የለም፣ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ምርጫዎቹ ሐኪም መጥራት፣ ካልሲየም ግሉኮኔት መስጠት፣ ማግኒዚየሙን ማቆም፣ ሽንቷን መለካት። ክፍሉ ባንድ ድምፅ ካልሲየም ግሉኮኔት አለ፣ የማግኒዚየሙ ማርከሻ (አንቲዶቱ) እሱ መሆኑን ሁላችንም ሸምድደነዋላ። ሲስተር ማርከራቸውን አስቀመጡና "እናንተ ካልሲየሙን ፍለጋ ስትሮጡ ያንን ማግኒዚየም ማን ሊዘጋው ነው? እየገባ እኮ ነው" አሉ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ከዛ ነው ከስር የጀመሩት፣ ማግኒዚየም ሲበዛ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን መልእክት ያደክማል፣ መጀመሪያ የጉልበት ሪፍሌክስ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ይደክማል፣ ከሰውነት የሚወጣው ደግሞ በኩላሊት ስለሆነ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ካነሰ መድኃኒቱ ውስጧ እየተጠራቀመ ነው ማለት ነው። ለዛ ነው ከእያንዳንዱ ዶዝ በፊት ትንፋሿ ከ16 አለማነሱ፣ ሪፍሌክስ መኖሩ፣ ሽንት መውረዱ የሚታየው። ከዘጋችሁ በኋላ ሰው እየጠራችሁ ትንፋሿን እየረዳችሁ 1 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ስር ቀስ ብሎ ይሰጣል።

ይሄን ከሰማሁ በኋላ እነዛን ሶስት ነገሮች ሸምድጄ አላውቅም፣ ምክንያቱ ስለገባኝ ራሳቸው ነው የሚመጡልኝ። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጡ፣ ደም እየተሰጠው ያለ ሰው ድንገት ብርድ ብርድ አለኝ ወገቤን አመመኝ ቢላችሁስ? ያኔ ማንም አልተሳሳተም፣ ደሙን ማቆም፣ ደሙ የሚወርድበትን ቱቦ ከነ ደሙ ቀይሮ ደም ስሩን በኖርማል ሳላይን ክፍት አድርጎ መያዝ፣ ከዛ የበሽተኛውን ስምና የደሙን ከረጢት እንደገና ማመሳከር። ጥያቄው ሌላ ነው፣ አስተሳሰቡ ግን ያው ነው፣ የሚጎዳውን ነገር መጀመሪያ አቁም። እኔ ለዚህ ቤት ከፈልኩ ስል የከፈልኩት ለዚህ ነው።

ሂሳብ የምትፈሩ ደግሞ ስሙኝ። ሰርጂካሉን የሚሰጠን ወንድማችን ሂሳቡን ወደኛ አገር አምጥቶ ነው የሚያስተምረው። ለምሳሌ የቃጠሎ ፈሳሽ፣ ፎርሙላው 4 ሚሊ ሲባዛ በኪሎ ሲባዛ በተቃጠለው ፐርሰንት ነው፣ 60 ኪሎ የሆነ ሰው 30 ፐርሰንት ከተቃጠለ 7200 ሚሊ፣ ግማሹ ማለትም 3600ው በመጀመሪያው 8 ሰዓት ይገባል። እስከዚህ ሁሉም ያውቀዋል። እሱ ግን ይሄ ሰው የተቃጠለው ደላንታ ነው በሉ አለን፣ መኪና እስኪገኝ፣ መንገዱ እስኪያልቅ፣ ደሴ ሲደርስ ሰዓቱ ሄዷል፣ እና 8 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ሆስፒታል ከገባበት ሳይሆን ከተቃጠለበት ነው። ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ከበላ የቀረን 6 ሰዓት ነው፣ 3600ውን ለ6 ስታካፍሉት በሰዓት 600 ሚሊ ይመጣል እንጂ 450 አይደለም። ከሩቅ ወረዳ በሽተኛ ሲመጣ አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይሄ ሂሳብ ከጭንቅላታችሁ አይወጣም። የግሉኮስ ጠብታውንም እንደዛው ነው ያስተማረን፣ 1000 ሚሊ በ8 ሰዓት፣ 20 ጠብታ 1 ሚሊ በሚሆንበት ቱቦ፣ በደቂቃ 42 ገደማ፣ ከዛ ሰዓታችሁን አውጡና ጠብታው ስንት ሰከንድ ላይ እንደሚወርድ ቁጠሩ ይላል። አንድ ልጅ ሂሳብ ያለበትን ጥያቄ ሁሉ ሳያነብ ያልፍ ነበር፣ መጨረሻ ላይ እኛን የሚያስረዳን እሱ ሆኖ አረፈው።

ለምን ይሄን ያህል እንደማደንቃቸው ልንገራችሁ። የኛ ባች እንዴት እንደተማረ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ሆስፒታሉም ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፎ ነበር፣ ከዛ በኋላ ስንመለስ ስንት ነገር ሳይኖር ነው ዋርድ የወጣነው፣ አንድ አልጋ ዙሪያ ብዙ ሆነን ቆመን፣ ከኋላ ያለው የሚሰማው እንጂ የሚያየው ነገር የለም። ስለዚህ እውቀቱ መጽሐፍ ላይ አለ፣ እጃችን ላይ ግን አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ያንን ክፍተት አይተው ነው የሚያስተምሩት፣ አምቡላንስ ከቦሩ ሜዳ ወይ ከሐይቅ በሽተኛ ይዞ ሲገባ ምን እንደሚፈጠር እየተረኩ፣ የትኛው ነርስ የቱን ይይዛል እያሉ። ወላሂ አንዳንዱ ክፍል ላይ ፈተና እንዳለብን ረስተን ነው የምንሰማው።

የሚጎድለውን ደግሞ ልናገር። ሳይካትሪው ተሯሩጦ ነው ያለቀው፣ ሪሰርችና ማኔጅመንትማ በመጨረሻው ሳምንት ዝም ብሎ ሀንድአውት ተሰጥቶን አንብቡ ተባልን፣ ብሉፕሪንቱ ላይ ግን አሉ። ይሄ ተገቢ አይደለም፣ ሙሉ ከከፈልን ሙሉ መማር አለብን። ሀንድአውቱ ራሱ ችግር አለበት፣ ከድሮ ሀንድአውት የተገለበጠ ስለሆነ ያረጀ ነገር አለው። የህፃናት ምግብ እጥረት ላይ የክንድ ልኬቱን ከ11 ሴንቲ በታች ይላል፣ አሁን የሚሰራበት ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ህፃን ከ11.5 በታች ሲሆን ከባድ ነው የሚባለው። የክትባቱ ሰንጠረዥ ላይም ኩፍኝ 9 ወር ላይ ብቻ ነው ያለው፣ የ15 ወሩ ሁለተኛ ዶዝ የለም። አንድ ጤና ጣቢያ የምትሰራ ልጅ ናት መጀመሪያ ያየችው፣ ስትነግራቸው ግን ሳያኮርፉ በሚቀጥለው ክፍል ሰሌዳ ላይ አውጥተው ሁላችንም በእስክሪብቶ አረምነው። ደስ ይላል፣ ግን አዲሱ ዙር ላይ ያው ኮፒ ሲሸጥ አይቻለሁና ብትገቡ እነዚህን ሁለቱን አይታችሁ አርሙ። ሀንድአውቱ ከጤና ሚኒስቴር ጋይድላይን ጋር ካልተስማማ ጋይድላይኑን ነው የምታምኑት።

ሌላው የሰዓቱ ነገር ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስንወጣ መብራት ከጠፋ መንገዱ ጨለማ ነው፣ ወንዶቹ ምንም አይመስለንም፣ ሴቶቹ ግን ወደ ቧንቧ ውሃ ወይ ወደ ጢጣ የሚሄዱት ባጃጅ እስኪያገኙ ይሳቀቃሉ፣ ባጃጁም ሰዓቱን አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው። አንዲት ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት ብቻ የማታውን ትታ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ትመጣ ነበር። ትምህርቱን በ11 ጀምሮ በ1 ሰዓት መጨረስ ይቻላል፣ ጠይቀናል፣ እናየዋለን ብለዋል፣ እስካሁን ከተቀየረ እሰየው።

ኮምፒውተር ልምምዱ መጠነኛ ነው። እኔ የተፈተንኩት በኮምፒውተር ነው፣ ስለዚህ ጥያቄ ስክሪን ላይ አንብቦ መስራት ልምድ ይፈልጋል፣ በተለይ ረጅም ኬዝ ሲሆን አይን ይደክማል። እነሱ ጋ ያሉት ላፕቶፖች ጥቂት ናቸው፣ በተራ ነው የምንሰራው፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ በወረቀት ይሆናል። ሞዴል ፈተናው ግን ጥሩ ነው፣ ከፈተናው በኋላ እያንዳንዱን ጥያቄ ትክክሉ ለምን ትክክል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የቀሩት ሶስቱ ለምን እንደማይሆኑ ነው የሚያስረዱት፣ እና መጀመሪያ፣ ከሁሉ በላይ፣ ከዚህ ውጪ የሚሉ ቃላትን አስምሩባቸው እያሉ ይጨቀጭቁናል። ጭቅጭቁ ጠቅሞኛል። ፈተናው ላይ ሀንድአውቱ ላይ ካየሁት ጋር ቃል በቃል የገጠመ ጥያቄ ትዝ አይለኝም፣ ግን ስንቱን ጥያቄ ነው መጀመሪያ የአየር መንገዱን፣ ከዛ ትንፋሹን፣ ከዛ የደም ዝውውሩን እያልኩ ያገኘሁት፣ መረጃው ካልበቃችሁ መጀመሪያ በሽተኛውን መርምሩ፣ ነገሩ ግልጽ ሆኖ አደጋ ካለ ደግሞ ስሩ እያልኩ።

አሁን አንድ የሚያንገበግበኝን ነገር ላውራ። ደሴ ውስጥ ሌላ ቤት አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ መቶ ፐርሰንት ታልፋላችሁ ብሎ ነው የሚመዘግበው፣ ፈተናው ሲቀርብ ደግሞ ጥያቄው ወጥቷል እያለ በቴሌግራም ፋይል ይሸጣል። አብሮኝ የተማረ ልጅ ተጨንቆ ገዛው፣ አምጥቶ አሳየኝ፣ ሳየው ሌቭል ፎሮች የሚሰሩት የድሮ የሲኦሲ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ግማሹ ስህተት፣ አንዱ ላይማ ፖታሲየም ክሎራይድን ሳይበረዝ በደም ስር መግፋት ብሎ ትክክል አድርጎታል። ይሄ ሰው ይገድላል እኮ! ፖታሲየም ሳይበረዝ በፍጥነት ከገባ ልብ ያቆማል፣ ማንም ነርስ የማይረሳው ነገር ነው፣ እና ይሄን አንድ ልጅ ከፍሎ ገዝቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲሸመድደው አድሮ ነገ መርፌ ይዞ እናቴ አልጋ አጠገብ ሊቆም ነው። በጣም ነው ያናደደኝ፣ አሁንም ያናድደኛል። እባካችሁ ፋይል አትግዙ፣ ፈተናው ወጥቷል የሚላችሁን ሰው ቁጥሩን አጥፉት። የኔዎቹ አስተማሪዎች በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ናቸው፣ አንድ ተማሪ ወጣ የተባለ ጥያቄ ይዞ መጥቶ እንስራው ሲላቸው ወረቀቱን አጥፈው መለሱለትና እኛ እዚህ ነርስ ነው የምናወጣው ብለው ወደ ትምህርቱ ገቡ።

ለማን ይሆናል ካላችሁ፣ መጽሐፉን አንድ ጊዜም ቢሆን ለገለጠ ሰው ነው የሚሆነው። ከዜሮ አያስጀምሩም፣ ፍጥነታቸው ከባድ ነው፣ ምንም ሳያነቡ የገቡ ልጆች በሁለተኛው ሳምንት ቀርተዋል። ከሰቆጣ ወይ ከላሊበላ መጥታችሁ ቤት ኪራይና ምግብ ሲደመር ወጪው ከትምህርቱ ክፍያ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ያ አቅም ከሌለ አትጨነቁ፣ ሶስት ሆናችሁ ብሉፕሪንቱን ተካፍላችሁ በየቀኑ አንዳችሁ ለሁለታችሁ አስተምሩ፣ ጋይድላይኖቹን ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ ጤና ጣቢያችሁ ያለችውን ሲስተር ቡና አፍልታችሁ ጥያቄ ጠይቋት፣ ደስ ብሏት ነው የምታስረዳችሁ። እንደዛ አጥንታ ያለፈች ልጅ ከኩታበር አውቃለሁ፣ ከኔ በተሻለ ውጤት። ጊዜ ኖሮት ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ግን ይሄ ቤት እጅግ ይመከራል፣ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት በሳይካትሪውና በሀንድአውቱ ነው።

ፈተናው ቀን ስለሚሆነው ብዙ የሚወራ የለም። መታወቂያችሁን ከማታው አዘጋጁ፣ ስማችሁ ስትመዘገቡ ከሞላችሁት ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን አስቀድማችሁ እዩ፣ ስልክ ይዛችሁ አትግቡ፣ ቁርስ ብሉ። እናቴ ጠዋት ስወጣ አላህ ያግራልህ ልጀ ብላኝ ነው የሸኘችኝ፣ እናንተንም ያግራላችሁ።

አዲስ ዙር የሚጀምሩት የፈተናው ጊዜ ሲቃረብ ነው፣ ምዝገባው እዛው ፎቅ ላይ ነው፣ የመጀመሪያው የቅዳሜ ክፍል በነፃ ነው፣ ገብታችሁ ስሙና ካልጣማችሁ ውጡ ማንም አይጠይቃችሁም። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሳይካትሪውን በዚህ ዙር ማን እንደሚሰጥና ስንት ቀን እንደተመደበለት ጠይቁ፣ ፕሮግራሙ ላይ በጽሑፍ ካላሳዩአችሁ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ክፈሉ።